ሰዓቴ ብራዚል ነው የሚኖረው

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳርም ሆነ ቡሬ መናኸሪያ አካባቢ፣ ጃንጥላውን ተክሎ የመስታወት ሣጥኑን ከፊቱ ያስቀመጠ ሰዓት ሠሪ፣ ባትሪ ቀይሮ ክዳኑን ሲገጥም የማይረሳት አንድ ጥያቄ አለችው፤ «በሀበሻ ልሙላልህ በፈረንጅ?» ባለ ዘንግ ሰዓት ላሰረ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ዘንጓ ዞራ ዞራ እዚያው አሥራ ሁለት ቁጥሮች ላይ ስለምትመለስ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ መስከረም ይሁን ሰኔ ግድ የላትም። ዲጂታሉ ግን እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ ፎርሙ ሳይሞላ ሥራ አይጀምርም። ሰዓቱን ስትነግረው «ከቀትር በፊት ነው በኋላ?» ይልሃል። እሱን ስትመልስለት ወሩን፣ ቀኑን፣ ትንሽ የተማረው ደግሞ ዓመቱን ይጠይቅሃል።

መጠይቁ የተዘጋጀው ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ለሚለወጥለት ሕዝብ ነው። አብሮት የሚመጣው የአጠቃቀም ወረቀት፣ በጉንዳን እግር የተጻፈ በሚመስል ፊደል በብዙ ቋንቋ ያብራራል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ስለዚህ የሰዓቱን አጠቃቀም እኛው ተቀምጠን ማውጣት ነበረብን። አውጥተናልም። ሠሪው ፋብሪካ ቢሰማው የሚገርመው ይመስለኛል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ላይ 1:00 እንዲል ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሳው ከቁጥሩ ጎን በምትቆመው ትንሽ ምልክት፣ በኤኤምና ፒኤም ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን ጠዋቱን ኤኤም ብሎ ይሞላል። በዚህ አሞላል የሰዓቱ «እኩለ ሌሊት» የሚውለው እኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚለወጠው ከፀሐይ ጋር ነው፤ ዶሮ ጮኾ፣ በሬ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ኤኤም ማለት ቀን፣ ፒኤም ማለት ማታና ሌሊት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ወገን ጠዋቱን ፒኤም ብሎ ይሞላና ቀኑ የሚለወጥለት ምሽት 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትገባ ይሆናል። ይህን የሚወዱት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ በዓል የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነውና ሰዓቱ ሥርዓት የተማረ ይመስላቸዋል።

ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን መለወጥ የጤና ሥራ አይደለም። እስቲ ለአንድ የዳሞት ሽማግሌ «አባባ፣ ፈረንጆቹ ቀን የሚለውጡት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው» ብላችሁ አስረዱ። «ሰው ሁሉ ተኝቶ? ማን ምስክር ሆኖ?» ነው የሚሏችሁ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ሰማይ ሥር ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ከክረምት እስከ በጋ ቢለዋወጥ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። እንዲህ ያለ ታማኝ ምስክር ደጃፉ ላይ የቆመለት ሰው ጨለማ ውስጥ ቀን የሚለውጥበት ምን ምክንያት አለው? የስቶክሆልም ሰው ይህን ቢሞክር በሰኔ ሌሊቱ ጠፍቶበት፣ በታኅሣሥ ቀኑ ጠፍቶበት ያብድ ነበር። እሱ እኩለ ሌሊትን ቢይዝ አይፈረድበትም።

ባለ 24 ሰዓቱን አቆጣጠር የነካ ሰው ግን በራሱ ይፍረድ። ከምሽቱ 2 ሰዓት 14:00 ይልና፣ ሌሊት 8 ሰዓት 20:00 ይልና፣ የሠርግ ጥሪ ሲመጣ ባልና ሚስት መደመርና መቀነስ ይጀምራሉ።

ቀጥሎ የዓለም ሰዓት የሚያሳየው ይመጣል። እኔ የማስረው ካሲዮ ኤኢ-1200 የሚባለውን ነው፤ ፊቱ ላይ ትንሽ የዓለም ካርታ አለበት፣ ከተማ ሲመረጥ ያ ከተማ ያለበት የካርታው ክፍል ይጠቁራል። ከተሞቹ በሦስት በሦስት ፊደል ተደርድረዋል። ለንደን አለ፣ ፓሪስ አለ፣ ካትማንዱ አለ፣ ኑሜያ የምትባል የማናውቃት ከተማ ሳትቀር አለች። አዲስ አበባ የለችም። የአፍሪካ ኅብረት ከነሕንጻው ተዘሏል። በእኛ የሰዓት ክልል የቆመችልን ጅዳ ናት። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር እሞላለሁ ያለ ጎጃሜ መኖሪያውን ጅዳ ብሎ መመዝገብ አለበት። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም። ልጃቸው ጅዳ ሠራተኛ የሆነች እናት «እሷ ዘንድ ስንት ሰዓት ይሆን?» ብለው ሲጨነቁ፣ ሰዓቱ ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ አስሮ «ያው ነው እማማ» ይላቸዋል። ስድስት ሰዓት የሚያለያየን አቆጣጠሩ እንጂ ፀሐይዋ አይደለችም።

የተደነቅሁት ግን በሌላ ከተማ ነው። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ከዚያ ላይ ስድስት ቀንሱ፤ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት የሚዘገይ ሆነ ማለት ነው። እዚያ የተቀመጠችው ከተማ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ናት። ሰዓቴን ሪዮ ላይ ሳደርገው ያለ አንዳች መነካካት የሀበሻ ሰዓት ይናገራል፤ ጠዋት 1 ሰዓት 1:00 ኤኤም፣ ማታ 1 ሰዓት 1:00 ፒኤም። ቀኑም የሚለወጥልኝ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ሪዮ እኩለ ሌሊት ነው። እኔ መራዊ ዳቦ በሻይ ስበላ ሰዓቴ ኮፓካባና ዳር ተኝቷል። ይህን ብልሃት የደረስኩበት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስልካቸው ላይ ብራዚልን ወይም አርጀንቲናን መርጠው በሀበሻ ሰዓት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ብራዚሎች በበጋቸው ሰዓት ወደፊት የመግፋት አመል ነበራቸውና፣ በዚያ ዘመን ስልኩን በሪዮ የሞላ ሰው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ሰዓት ሳያስበው ይፈናጠር ነበር። በ2011 ዓ.ም. መንግሥታቸው ያንን አመል በአዋጅ አስቀርቶ ገላገለን። እነሱ ቡናችንን ወስደው ከዓለም አንደኛ አምራች ሆኑበት፤ እኛ ሰዓታቸውን ወሰድን። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም ባይ ነኝ።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ግን በብልሃት አይፈታም። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደበት በ1967 ዓ.ም. ካሲዮ የመጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን፣ ካሲዮትሮንን አወጣ። የኩራቱ ምንጭ የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ በራሱ ማወቁ ነበር። ለእነሱ ትልቅ ግልግል ነው፤ ወሮቻቸው ሥርዓት የላቸውምና። እኛ ግን 30 ስንል 30 ነው፤ የተረፈችውን ጳጉሜ ላይ እናጠራቅማታለን። ታዲያ አንዳንዱ ደፋር መስከረምን 1ኛ ወር ብሎ ሰዓቱን በእኛ ቀን ይሞላዋል። መስከረም በሰላም ይጀምርና 31 ይሆናል። ጥቅምት 28ን ሰዓቱ የካቲታቸው መስሎት በአማኑኤል ማግሥት ኅዳር 1 ብሎ ያርፋል። ባለወልድና ማርቆስ የት ገቡ? የማኅበር ድግስ የደገሰ ሰው ይህን ሰዓት ካመነ ጠላው ሳይጠራ እንግዳ ይጠራል። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ጳጉሜን ዘሎ አዲስ ዓመት ይገባል፤ ሩፋኤል ቀን በዝናብ የሚታጠቡት ልጆች ለሱ የሉም።

ዓመቱንም ከሞሉት የባሰ ነገር አለ። ኤኢ-1200 የሳምንቱን ቀን አያስሞላም፤ ራሱ ያሰላዋል። የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው ረቡዕ ነበር። ሰዓቱ «1ኛ ወር፣ 1ኛ ቀን፣ 2017» ሲባል የራሳቸውን ጥር አስቦ «እሑድ» ይላል። በጾም ቀን ዶሮ የሚያስበላ መሣሪያ በክንድ ላይ ይዞ መዞር ነው። ርካሹ ኤፍ-91 ደብልዩ በዚህ በኩል ትሑት ነው። ዓመት አያውቅም፣ የሳምንቱንም ቀን ያልከውን ይቀበላል። ከፈረንጆቹ 1989 ጀምሮ መልኩን ሳይለውጥ እስከ ዛሬ የሚሸጠው አንዱም በዚህ ጠባዩ ይመስለኛል። ዋናው ከአስመሳዩ የሚለየው የቀኝ አዝራሩን ሦስት ሰከንድ ያህል ሲይዙት «ካሲዮ» ብሎ ስሙን በመናገሩ ነበር። አሁን አስመሳዮቹም ስም መናገር ተምረዋል።

በየሰዓቱ «ቲት ቲት» የምትለዋ ጩኸት ለብቻዋ ወግ ይወጣታል። ሰው ሁሉ ይዟት ሲገዛ ማጥፊያውን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የውስጡ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፋብሪካው በወር ከሠላሳ ሰከንድ በላይ አይሳሳትም ይላል። ግን ሁሉም በየራሱ ሠላሳ ሰከንድ ይሳሳታል። ስለዚህ ቅዳሴ ላይ ከወንዶች በኩል አንዱ ይጮኻል፣ ከአምዱ ሥር ሌላው ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ሁሉም ካበቃ በኋላ ብቻውን ይቀራል፤ ባለቤቱም እጁን ጋቢው ውስጥ ይቀብራል። ጠበል ቦታ ደግሞ ልብሱን አውልቆ ሰዓቱን የረሳ አንድ ወጣት ተራው ደርሶ ውሃው ሲወርድበት ክንዱ ጮኸ፤ ከኋላው የቆሙት እናት «ያው! ለፈለፈ!» አሉ ተብሎ ሲወራ ሰምቻለሁ። ልጁ ሰዓት ነው ቢል ማን ሊሰማው።

ስብሰባ ላይ ግን ይህችው ጩኸት ትጠቅማለች። 2 ሰዓት ተኩል የተጠራ ስብሰባ 4 ሰዓት ሲጀመር ማንም ምንም አይልም፤ ሰዓቶቹ ናቸው በየእጁ ላይ ተራ በተራ የሚያጉረመርሙት።

በዓቢይ ጾም ደግሞ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው 9 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ዕቃ በፊት 9 ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነበር። የአብነት መምህሩ የኔታ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ የጥላቸውን ጫፍ ምልክት አድርገው፣ በጫማቸው እየለኩ ይቆጥራሉ። ልኩ ከወር ወር ስለሚለያይ የየወሩን በቃላቸው ይዘውታል። የጥላው ሰዓት ባትሪ አይፈልግም፤ ረዥም ሰው ረዥም ጥላ ቢኖረው እግሩም ረዥም ስለሆነ ሒሳቡ አይዛባም። አንድ ተማሪያቸው ዲጂታል አስሮ መጣና «የኔታ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል» አለ አሉ። የኔታ ጥላቸውን አዩና «በአንተ ሰዓት ይቀረዋል፤ በፀሐይ ግን ደርሷል። አንተ ሦስቱን ደቂቃ ጹምልን» አሉት።

ሩጫ የሚለካው ክፍል፣ ስቶፕ ዎች የሚሉት፣ ሰከንድን መቶ ቦታ ይቆራርጣል። ይህ ምን ይሠራል የሚል ሰው በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የሆነውን ረስቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ20፣ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ29 ጨረሱ። አገር ምድሩን ያስለቀሰው ድል ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ አዝራሩን ሁለት ጊዜ ፈጥኖ በመጫን ዘጠኝ መቶኛን ለመያዝ ሲታገል አይቻለሁ። ጣት አይበቃውም።

የእኛ አገር ዋና የስቶፕ ዎች ሥራ ግን ውሃ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ሌሊት በዋናው ቦይ የሚመጣው ውሃ በማታ ኩሬዎች ተጠራቅሞ ቀን ለስንዴው፣ ለድንቹ፣ ለሽንኩርቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ ለአቮካዶው ይለቀቃል። ከግድቡ ርቀው ወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡት እንደ ጥንቱ በየውሃ አባት ይተዳደራሉ። የትም ይሁን የት ውሃ በተራ ነው፣ ተራው በሰዓት ነው፣ ሰዓት ደግሞ ያለው በሰው ክንድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የኤፍ-91ን ትልቁን ምሥጢር ማወቅ የሚያስፈልገው። የሱ ስቶፕ ዎች የሚቆጥረው እስከ 59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሳይናገር ከዜሮ ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ይዩት እንግዲህ፤ ገና 20 ደቂቃዬ ነው» ይላል ጎረምሳው፣ ክንዱን ወደ ውሃ አባቱ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ወደ ሽንኩርቱ መልሶ። አልዋሸም። ሰዓቱ 20 ደቂቃ ይላል። ከዚያ በፊት ያለፈችውን አንድ ሰዓት የጠየቀው የለም። ውሃ አባቱ ሰዓቱን አገላብጠው አይተው፣ የጎረምሳውን መደብ ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለክተው ይመልሱለታል።

«በ20 ደቂቃ ይህን ሁሉ ያጠጣ ውሃ ከሆነስ ተባርኳል፤ ለሌላው ሰው ይለቀቅ።»

የቀሩትን ባሕርያት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። መብራቷ ሰዓት ለማየት አትመችም፤ የቁልፍ ቀዳዳ ለመፈለግ ግን የተፈጠረች ናት፤ መብራት ሲጠፋም ክብሪቱ ያለበትን ታሳያለች። «ውሃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ ላቦትና ለካፊያ እንጂ ለዋና አይደለም፤ 100 ሜትር የተጻፈበትም ቢሆን ጥልቀቱን ለመሞከር ጣና ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ሙቀት የሚለካው ዓይነት እጅ ላይ ሳለ የሚለካው የባለቤቱን ክንድ ነው፤ ትክክሉን ለማወቅ ፈትቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ይገባል ይላል ወረቀቱ ራሱ፤ እስከዚያ ድረስ አየሩ ይለወጣል። ከፍታ የሚናገረው ደግሞ የአየሩን ግፊት እየለካ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ማለታችንን በቁጥር ይነግራል፤ ጆሯችን ግን ተደፍኖ ቀድሞ ነግሮናል፣ ያውም በነፃ።

አላርሙ ለአውቶቡስ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ተገኙ ካለ፣ 10 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። እኔ በምኖርበት በሪዮው ሥርዓት ይህ 10:00 ፒኤም ነው። ኤኤም ብሎ የሞላ ሰው አውቶቡሱ ካመለጠው በኋላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገበያ መሐል ክንዱ ይንጫጫበታል። ኤኢ-1200 አምስት አላርም ስላለው ቤተሰብ ይከፋፈለዋል፤ አንዱ ለመንገደኛው፣ አንዱ ለሊጥ፣ አንዱ ለክኒን፣ አንዱ ለዜና። አምስተኛውን ማን እንደሞላው ሳይታወቅ ይጮኻል።

አጎቴ መንገድ ሲኖርባቸው አላርሙን ማታ በጥንቃቄ ይሞላሉ፣ ሦስት ጊዜ ያረጋግጣሉ፣ ራስጌያቸው ያደርጉታል። ከዚያ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይነቃሉ፤ ልጆቹን እንዳይረብሽ ብለው አዝራሩ ላይ አውራ ጣታቸውን አድርገው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው 10 ሰዓትን ይጠብቃሉ። ሊጮኽ ሲል ያፍኑታል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ይሞሉታል?» አልኳቸው።

«ተው እንጂ! ስንት ዓመት ሞላሁት፤ አንድ ቀን ቀድሞኝ ያውቃል?»